ዜሮ ሚሊ ሜትር

እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፣ ቻሉኝ።

ስለ አንድ ቁጥር ላውራችሁ። ስለ ዜሮ።

ድሮ ሥራዬ ከሩቅ ጣቢያዎች የሚመጣ የአየር ሁኔታ ዳታ ማየት ነበር። ከአንዱ ጣቢያ ለሦስት ሳምንት ዝናብ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። ባትሪው ደህና ነው። የሙቀቱም ቁጥር ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል። እኔም ደርቋል ብዬ አለፍኩት። በኋላ ሰው ሲሄድ መሬቱ ጭቃ በጭቃ። የመለኪያው አፍ በቅጠልና በወፍ ኩስ ተደፍኖ ውሃ ቋጥሯል። ፎቶውን ሲልኩልኝ አፈርኩ።

ዕቃው ቀላል ነው። ከአፉ ሥር እንደ ሚዛን የሚወዛወዙ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ነገሮች አሉ። አንዱ ሲሞላ ይደፋል፣ ሌላው ይተካዋል። በብዙዎቹ አንዱ መድፋት 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ካልደፋ ዜሮ። ዝናቡ ጠፍቶ ይሁን መንገዱ ተዘግቶ፣ እሱ በምን ያውቃል? የነፋስ መለኪያም በረዶ ሲይዘው ያው ነው፤ ውጭ እያፏጨ እሱ ጸጥ ብሏል ይላችኋል።

ሄዶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ግን ሰው በየሳምንቱ እዚያ ድረስ አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲዋ አያና ሃዋርድና ባልደረቦቿ ስኖሞት የሚባሉ ሮቦቶችን አላስካ ውስጥ በሜንደንሆል የበረዶ ግግር ላይ ሞክረው ነበር። መነሻቸው የአሻንጉሊት ስኖውሞቢል ነው፤ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ማለት ነው። ርዝመታቸው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው መርገጥ በሚፈራው በረዶ ላይ እየዞሩ የአየር ሁኔታ እንዲለኩ ነው የታሰቡት። የወደድኩላቸው እርስ በርስ መነጋገራቸውን ነው። ሳይንቲስቱ አካባቢውን ይነግራቸዋል፤ ማን የት እንደሚቆም ተጫርተው ይወስናሉ። ጨረታ እኮ ነው! እኛ ለተረኝነት እንኳ ስንት እንጨቃጨቃለን።

እነዚያ ራሳቸው መለኪያ ናቸው። እኔ የምመኘው ደግሞ አንድ ቦታ የተተከለውን ጣቢያ ሄዶ የሚጠይቅ ሮቦት ነው። ጠጋ ይልና የመለኪያውን አፍ ፎቶ ያነሳል፣ አንዲት ትንሽ ፎቶ «ተደፍኗል» ከሚል ቃል ጋር ይልካል። ረጅም ቪዲዮ አልፈልግም፤ በሳተላይት መላክ ባትሪ ይበላል።

ደግሞ አይቶ ዞር ማለት አለበት። ለነፋስ መለኪያ የታወቀ ደንብ አለ፦ ማንኛውም ከለላ ከቁመቱ ቢያንስ አሥር እጥፍ መራቅ አለበት። ግማሽ ሜትር ሮቦት አምስት ሜትር ይርቃል ማለት ነው። አለዚያ ጠያቂው ራሱ ዳታ ያበላሻል።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው፣ «እሱ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀርስ ማን ያውጣው?» አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን እውነቱን ነው። የሮቦቶች ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ሄዶ ያየዋል፣ መልእክቱንም ይቀበልለታል። መልስ ያጣሁለት ሌላ ነገር ነው። ሁሉም የሚሠሩት በፀሐይ ከሆነ፣ ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ሲደፈን አብረው ይደክማሉ። መለኪያው የሚደፈነው ደግሞ በዚያው በዝናቡ ሳምንት ነው።

እኔ ብሆን ቀርፋፋውን እመርጣለሁ። ተኝቶ ይሰንብት፣ ፀሐይ ሲወጣ ይነሳና ሄዶ ይይ። አንድ ሳምንት ዘግይቶ የመጣ ፎቶ ከሦስት ሳምንት ዜሮ ይሻለኛል።

ያንን ዜሮ ከሰንጠረዡ አጥፍቼዋለሁ። ስንት እንደዘነበ ስለማይታወቅ የምተካበት ቁጥር አጣሁ። የሃያ አንዱም ቀን ሣጥን እስከ ዛሬ ባዶ ነው።