ለጥምቀት ስንት ቁጥር ፊልም ልያዝ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ደዋይ፣ ከአዘዞ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የተወልኝ ባለሁለት ሌንስ ያሺካ ማት አለኝ። ለጥምቀት ባለቀለም ፊልም ላስመጣ ብዬ ስጠይቅ ባለ 160፣ ባለ 400 እና ባለ 800 አለ ተባልኩ። «ጥራት ከፈለግህ ትንሹን ቁጥር ያዝ» ይሉኛል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ የመከሩዎት ሰዎች በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ የሠሩ ይመስለኛል። ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት ነው፤ ሲያድግ በደካማ ብርሃንም ይሠራል። በትንሹ ካሜራ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የእርስዎ ግን 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ነጋቲቭ የሚያወጣ ነው። አንዱ ነጋቲቭ ከ35 ሚሊ ሜትሩ በስፋት ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። በአንድ ዓይነት መጠን ሲታተሙ የእርስዎ ብዙ ስለማይለጠጥ ያ አሸዋ አይታይም።

ለእርስዎ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ሌንስዎ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ኤፍ 3.5 ነው፤ በዚያ ላይ ካነሱ የዲያቆኑ ዓይን ጠርቶ ከኋላው ያለው ድባብ ይደበዝዛል። ሁለቱም እንዲጠሩ ኤፍ 8 ድረስ መዝጋት አለብዎ። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ሲባረክ ደግሞ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ብርሃኑ ገና ደካማ ነው፣ ወጣቶቹም ዘለው ሲገቡ ማንንም አይጠብቁም። ባለ 160 እዚያ ያሳፍርዎታል። አንድ ዓይነት ብቻ ምረጥልኝ ካሉኝ፣ ባለ 400።

ደዋይ፣ ከፒያሳ፦ እኔ ሙሽሮች የማነሳው በቀትር ነው፣ ፋሲል ግቢ። ባለ 400 አይበዛም?

መልስ፦ ለግንቡ አይበዛም፤ በ1/500 ሰከንድና በኤፍ 16 ከበሩ እስከ ማማው ይጠራልሃል። ችግሩ ሙሽራዋን ከግንቡ ነጥለህ ማውጣት ስትፈልግ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች ከ1/500 ሰከንድ አይፈጥኑም፤ ስለዚህ ሌንሱን ኤፍ 4 ላይ ብትከፍተው ብርሃኑ በአራት ደረጃ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ደረጃ እጥፍ ነው። ፊልም ከመቀየርህ በፊት ግን ሙሽራዋን ወደ ግንቡ ጥላ አስጠጋት። እዚያ በዚያው 1/500 ኤፍ 5.6 አካባቢ ይደርስሃል፣ ፊቷም ላይ የቀትር ጥላ አይኖርም። ጥላ ካጣህ ባለ 160 ያዝ። ኤክታር 100 የሚባለው ፊልም ለድንጋዩ ግሩም ነው፤ ፊት ግን ስለሚያቀላብኝ ለሠርግ አልወደውም።

ደዋይ፣ ከማራኪ፦ ባለ 400 ተጠቅሜ እናቴን በነጠላ አነሳኋት። ነጠላው ቆንጆ ወጣ፣ ፊቷ ግን ጠቆረ፣ ጭቃም መሰለ። ፊልሙ ይሆን?

መልስ፦ ፊልሙ አይደለም፣ እህቴ፤ የብርሃን መለኪያው ነው። መለኪያ ነጭ ነገር ሲያይ «ብርሃን ሞልቷል» ብሎ ይቀንስብሻል፤ ነጠላ ደግሞ ግማሹን ፎቶ ይሞላል። ባለቀለም ነጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ሁለት ደረጃ እንኳ ችሎ ያልፋል፤ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ምንም አይመዘግብም፣ ያልተመዘገበውን ደግሞ ፎቶ ቤት አያመጣውም። ያ ጭቃ የመሰለሽም ከዚያ የመጣ ነው።

ሁለት ነገር አድርጊ። የፊልሙን ቁጥር፣ የድሮ ፎቶ አንሺዎች «አሳ» የሚሉትን፣ መለኪያው ላይ 400 ሳይሆን 200 አድርጊው። ከዚያ ቀረብ ብለሽ ፊቷን ብቻ ለኪ፣ ነጠላውን እርሺው። ስታሳጥቢ ግን «ባለ 400 ነው፣ እንደተለመደው ይታጠብ» በይ። 200 ማድረግሽን ሰምተው የእጥበቱን ጊዜ ቢያሳጥሩብሽ ልፋትሽ ከንቱ ነው።

ደዋይ፣ ከአራዳ፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ እነዚያን መላእክት፣ በየትኛው ላንሳ?

መልስ፦ ፈቃድ ካገኙ በባለ 800፤ ፍላሽ አያስቡ። እሱም ቢሆን 1/15 ሰከንድ አካባቢ ሊወርድብዎ ስለሚችል በእጅ አይሆንም። ባለሦስት እግር መቆሚያ ከሌለዎት ካሜራውን በጀርባው ወለሉ ላይ ያስተኙት፣ ሌንሱ ጣሪያውን ይይ። ራሱ የሚያነሳበት ማዘግያ ካለው እሱን ሞልተው እጅዎን ያንሱ። መላእክቱ አይንቀሳቀሱም።