ከአዲሱ ኪሎሜትር በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ መንገድ ገንዘብ ነው የማስበው። አንድ መንገድ ተመርቆ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚሆነው ነገር እኔን ከግንባታው የበለጠ ያሳስበኛል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ስሌት አለ፦ በ85 ታዳጊ አገሮች፣ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ፣ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ በጥገና እጦት ጠፋ። በጊዜው ለመጠገን ይበቃ የነበረው ከ12 ቢሊዮን ዶላር ያነሰ ነበር። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አስፋልት ሲያረጅ ቀስ በቀስ አይነግረንም። ለዓመታት ደህና መስሎ ይቆይና በአንድ ሁለት የዝናብ ወቅት ይፈርሳል። ሬንጁ በፀሐይና በአየር እየደረቀ ይሄዳል፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ከሥር ያለው የተፈጨ ድንጋይ ንጣፍ ደረቅ ሆኖ ነው ጭነት የሚሸከመው። ሲርስ ጉልበቱን ያጣል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ውሃው እየተጨመቀ ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ስንጥቅ ዙሪያ ግራጫ ጭቃ ደርቆ ካያችሁ፣ ንጣፉ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው ማለት ነው። ከዚያ ደረጃ በኋላ ላዩን በሬንጅ መቀባት ብዙም አይረዳም፤ ስንጥቁ የሚደፈነው ከዚያ በፊት፣ በደረቅ ወቅት፣ አቧራው በአየር ግፊት ተጠርጎ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ውሃን ከመንገዱ ለማስወጣት መዋል አለበት ብዬ አምናለሁ። አስፋልት ከመሃል ወደ ዳር 2.5 በመቶ ያህል ዘንበል ይላል፤ ሰባት ሜትር ስፋት ባለው መንገድ መሃሉ ከዳሩ ወደ 9 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። የጠጠር መንገድ ደግሞ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይፈልጋል። ያ ዘንበል ተሠርቶም ቢሆን የመንገዱ ትከሻ ላይ፣ ማለትም ከአስፋልቱ ውጪ ባለው ዳር፣ ሣርና ደለል ከተከመረ ውሃው መውጫ አጥቶ አስፋልቱ ዳር ይተኛል፤ ዳሩም ከዚያ ይጀምርና ይቆራረሳል። መፍትሔው ትከሻውን በአካፋ ዝቅ ማድረግ ነው። ሥራው ርካሽ ነው፤ ግን ፎቶ ስለማይነሳበት ይረሳል። ቱቦዎችና ካልቨርቶች (ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፉ ግንቦች) ከዝናቡ ወቅት በፊት ይጠረጋሉ፤ ከመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ በኋላ ደግሞ እንደገና ይታያሉ፤ በተለይ መውጫቸው። ውሃው ሲወጣ መሬቱን እየቦረቦረ መጥቶ ግንቡን ከሥሩ ባዶ ያደርገዋልና።

የጠጠር መንገድ ላይ አንድ ልጨምር። ግሬደር ደረቅ መንገድ ላይ ሲሠራ ጠጠሩን አያይዞ የሚይዘው ደቃቅ አፈር አቧራ ሆኖ ይበናል፤ ብዙም ሳይቆይ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። መሬቱ እርጥበት እያለው መግፋት፣ ከዚያ በሮለር መጠቅጠቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ጠላት ጭነት ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ አቅራቢያ፣ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ለዚሁ በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖች ሲመላለሱ ቆይተው ነበር። ከዚያ ሙከራ የወጣው ሕግ ይህ ነው፦ ጉዳቱ በግምት አክስሉ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ከተሸከመው ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። አክስሉ ላይ 20 በመቶ ሲጨመር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን 16 እጥፍ። ለ20 ዓመት የታሰበ መንገድ ላይ ሁሉም መኪና ከታሰበው ክብደት 20 በመቶ ቢያስበልጥ፣ መንገዱ አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ያገለግላል። ሚዛን ጣቢያው ጠቅላላ ክብደቱን ብቻ ካየ አይበቃም። ጭነቱ ወደ ኋላ ተከምሮ የኋላው አክስል ብቻ ከልኩ ያለፈ መኪና በጠቅላላው ልክ ነው ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ቅጣት ከፍሎ እንዲሄድ መፍቀድም መንገዱን አያድነውም፤ ትርፍ ጭነቱ እዚያው ይራገፍ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ፦ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከየቱ እንጀምር? ልባችን ወደ ፈረሰው ይሄዳል። ስሌቱ ግን ደህናውን ደህና አድርጉ፣ ማርጀት የጀመረውን በቶሎ ድረሱለት ይላል፤ ምክንያቱም አንዱን ፈርሶ ያለቀ መንገድ መልሶ ለመገንባት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ እጥፍ ኪሎሜትር ከመፍረስ ያድናል። ፈርሶ ያለቀው መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ቢቆጣ አልፈርድበትም። እሱንም ረስቶ መሄድ የለም። ብዙ ጊዜ 30 ኪሎሜትር መንገድ የሚዘጋው 200 ሜትር ጭቃና አንድ ወንዝ ማቋረጫ ላይ ነው። ሙሉው እስኪሠራ፣ ያቺን 200 ሜትር ከፍ አድርጎ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ቱቦ መቅበር፣ ዳገቱን በኮንክሪት መሸፈን አምቡላንስ ያሳልፋል። ለእኔ ይህ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ወጪ ነው።

የተበሳ አስፋልት ሲጠገንም አደራ። ጉድጓዱ እስከ ጤነኛው ክፍል በቀጥታ መስመር ይቆረጥ፣ ውሃውና አቧራው ይውጣ፣ ግድግዳውና ወለሉ ሬንጅ ይቀባ፣ ጥልቅ ከሆነ በሁለትና ሦስት ድርብ እየተሞላ እያንዳንዱ ይጠቅጠቅ። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ አስፋልት ብዙም አይቆይም። ቦታው፣ ቀኑና ምክንያቱ ደግሞ ይመዝገብ። እዚያው ቦታ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሳችሁ ላዩን መድፈን አቁሙና እስከ ንጣፉ ቆፍሩ፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉ። ለዛሬ ይህን ያህል ነው፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።