የቤት ሰዓት የሚሰረቀው ጠዋት ነው

የተከበራችሁ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ረዳቶች፣ የጎሚስታ፣ የላሜራና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፤ ይልቁንም በዚህ እሑድ ጠዋት አብራችሁ የመጣችሁ ባለቤቶችና ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ከባዱን የጥገና ሥራ ከቤተሰብና ከትርፍ ጊዜ ጋር እንዴት ማስኬድ ይቻላል የሚል ነው። ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ምክር «ማታ ቶሎ ግቡ» የሚል ነው። ማታማ ነገሩ አልፏል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ መሬት የተቀመጠ መኪና እያለ፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ማን ጥሎ ይሄዳል? የቤታችን ሰዓት የሚሰረቀው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁልፍ ስንቀበል ነው። ስለዚህ አብዛኛውን የማወራው ስለ ጠዋት ነው።

አንድ ደንበኛ ኮሮላ ይዞ ይመጣል። «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ማታ እፈልገዋለሁ» ይላል፤ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል ነው። መካኒኩም «እሺ ጋሼ» ብሎ ይቀበላል። እቃው በእጅ ካለ አንድ መካኒክ ከአንድ ረዳት ጋር ይህን ሥራ በ5 ወይም በ6 ሰዓት ይጨርሰዋል። 3 ሰዓት ላይ ከጀመረ 9 ሰዓት ላይ ማለቅ ነበረበት ማለት ነው። ግን እቃው የለም። ካምቢዮው 6 ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ማለቁ ይታያል፤ ዲስኩ የሚያርፍበት ቮላኖም ተቧጥጧል፣ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። ከሞተሩ ኋላ ያለው ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃው) ዘይት ያስተፋል። ረዳቱ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይላካል፤ የምሳ ሰዓት ነው፤ ያመጣው ዲስክ መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ቁጥሩ አይገጥምም። ተመልሶ ሄዶ ሲመጣ 11 ሰዓት ሆኗል። የሥራው ርዝመት አልተለወጠም፤ መካከሉ ላይ የገባው 5 ሰዓት መጠበቅ ነው። የልጅ የቤት ሥራ፣ እራት፣ ጨዋታ የነበረው ሰዓት እዚያ ውስጥ ሄደ።

ይህንን የሚያድነው ጠዋት ላይ የምትመድቡት 20 ደቂቃ ነው። መኪናውን ራሳችሁ ንዱት። የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ በ3ኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲስኩ አልቋል። ከዚያ ስር ግቡና ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። እርጥበት ካለ በጣት ነክታችሁ አሽትቱት፤ የካምቢዮ ዘይት የሚከረፋ የድኝ ሽታ አለው፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ጠቆር ብሎ የተቃጠለ ይሸታል። የሞተር ዘይት ከሆነ ኦይል ሲሉም በዚያው እንደሚቀየር ሳትፈቱ አወቃችሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ጻፉ፤ ለእቃ ሻጩ ደውሉና ዲስክ፣ ፕሬሸር ፕሌት፣ የመግፊያ ኩሽኔታና ኦይል ሲል መኖሩን በቁጥሩ አረጋግጡ። ቶርኖ ቤቱም ዛሬ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። እቃው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ቡሎን አይፈታ። ከዚህ ሕግ ሌላ አንድም ሳታስታውሱ ብትወጡ ይህ ይበቃል።

ደንበኛውንም ያን ጊዜ ነው ማናገር። «ጋሼ፣ እቃውን ዛሬ እናሟላለን፤ ነገ ጠዋት እንጀምርና 10 ሰዓት ላይ ነድተው ይሄዳሉ» በሉ። ብዙ ሰው የሚናደደው በመዘግየት ሳይሆን «አሁን አለቀ፣ አሁን አለቀ» እየተባለ በመመላለስ ነው። ቁርጡን የተነገረው ሰው ታክሲ ይይዝና ሥራው ይሄዳል።

አንድ ደብተር ያስፈልጋል፤ ተራ የ50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ታርጋ፣ ብልሽት፣ እቃ መኖር አለመኖሩ፣ የተገመተው ሰዓት፣ በትክክል የወሰደው ሰዓት ይጻፍበት። የመጨረሻው ዓምድ ነው ትልቁ ነገር። ሁላችንም ሥራ ስንገምት የምናስበው ቡሎኑ እሺ ብሎ ሲፈታ ነው። እኛ ከተማ ያለው መኪና ግን አብዛኛው አሮጌ ነው፤ የማርሜታ (የጭስ ማውጫ) ቡሎን ዝጎ ይሰበራል፣ የፕላስቲክ መያዣ በፀሐይ ደርቆ ይፈረካከሳል። ስለዚህ በግምታችሁ ላይ ሲሶ ጨምሩበት፤ 6 ሰዓት ያላችሁትን 8 በሉት። ከቀኑ 8 የሥራ ሰዓት ውስጥም 6ቱን ብቻ በቀጠሮ ሙሉ። የቀረው 2 ሰዓት ሳይጠራ ለሚመጣው ነው፤ ፍሬኑ አልይዝ ላለው ሚኒባስ፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) አልዞር ላለው አይሱዙ። ሁለቱም ካልመጡ ቤት ትገባላችሁ።

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አዲስ ሥራ አይከፈት። አምፖል፣ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ) ማጥበቅ፣ የባትሪ ጫፍ ማጽዳት ይቻላል። ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክፍል) ማንሳት፣ ካምቢዮ ማውረድ፣ የፍሬን ሥራ አይቻልም። ይህን የምለው ለቤተሰብ ብቻ ብዬ አይደለም። የድካም ስህተት የሚመጣው ከትልቁ ሥራ ሳይሆን ከመዝጊያው ነው። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በእጅ ተይዞ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ የፍሬኑ ካሊፐር ቡሎን አንዱ ይረሳል፤ የጎማ ዳዶዎቹ በየተራ ሳይሆን በተሻጋሪ መጥበቅ ሲገባቸው በጥድፊያ ዙሪያውን ይጠብቁና ቸርኬው ጠምሞ ይቀመጣል። የኮሮላ ጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም ይታይ። ተመላሽ ሥራ የነገን ማታ አስቀድሞ ይበላል፤ ከባሰም ሰው ይጎዳል።

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የጥገና ሰዓት አይደለም። 10 ደቂቃ መሣሪያ ለመቁጠር፤ የጎደለ 10 ቁጥር ቁልፍ ብዙ ጊዜ ሞተር ላይ ተረስቶ ነው የሚገኘው። 10 ደቂቃ ሥራው የቆመበትን ለመጻፍ፦ «የግራ ፊት አልቋል፣ የቀኝ ፊት ካሊፐር ገና ነው» ተብሎ መሪው ላይ ይለጠፍ። ይህ ወረቀት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ነገ ጠዋት ስህተት ይከላከላል፣ ዛሬ ማታ ደግሞ ጭንቅላታችሁ እራት ላይ ሆኖ ቡሎን እንዳይቆጥር ያደርጋል። የቀረው 10 ደቂቃ ለመታጠብ ነው።

ስለ መታጠብ ትንሽ ልቆይ፤ ቤት ይዘነው የምንገባው ነገር ነውና። እጅ በቤንዚን አይታጠብ። ቤንዚን ቅባቱን ሲያነሳ የቆዳውን ወዝም አብሮ ያነሳል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ መርዙ ይገባል። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ እጃችሁን ስስ ቫዝሊን ቀቡ፤ ደረቅ ሳሙና በጥፍራችሁ ቧጥጣችሁ ጥፍር ስር ሙሉት። ማታ ውሃ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይትና አንድ ማንኪያ ስኳር በደረቅ እጅ ሁለት ደቂቃ እሹ። ግራሶን የሚያሟሟው ዘይት ነው፣ ውሃ አይደለም፤ ስኳሩ ይፍቃል። በጨርቅ ጥረጉትና ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ቱታው ጋራዥ ይደር። ያገለገለ የሞተር ዘይት ቆዳ ላይ ለዓመታት ሲመላለስ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል፤ ከባትሪ ጫፍ የሚነሳ ዱቄት እርሳስ አለበት፤ የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ በውሃ ረጥቦ ይጠረግ። ቱታው ቤት ከገባ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አይነከር። ልጅ በር ላይ ሮጦ ሲመጣ ሳትሸሹ የምታቅፉት ይህ ሁሉ ሲደረግ ነው።

ስልክ። ሁለት ሲም ይኑራችሁ፤ የሥራው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ለደንበኞቻችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አስተምሩም፦ ፍሬን ወይም መሪ እምቢ ካለ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ ይጎተታል። ሙቀቱ ከወጣ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን በሙቀቱ አይከፈትም፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ በሌሊት ከመደወል ይልቅ ጠዋት መኪናውን አስጎትቶ ያመጣል፤ የሞተሩም ዕድሜ ይተርፋል።

ባለጋራዦችም እዚህ አላችሁና ስለ ሕጉ በአጭሩ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሳምንት ዕረፍት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ነው። ለወለደች ሚስት ባል 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያርፋል፤ ይህን ያልጠየቁ አባቶች ብዙ ናቸው፣ ጠይቁ። ረዳቶችን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፤ ጌታው ካልሄደ ረዳት አይሄድም የሚለው ልማድ ይቅር። ሥራውን የጨረሰ ልጅ ቀን ሳለ ቤቱ ይግባ፣ ማታ የሚማርም ትምህርቱ ይድረስ።

ስለ ትምህርት ካነሳሁ አይቀር፤ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የማናውቅ ከሆነ እንጀራችን እንደሚቀንስ ሁላችንም ገብቶናል። ይህም ማታውን ለመብላት ተዘጋጅቷል። የኔ አስተያየት፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። በየምሽቱ ስልክ ላይ ቪዲዮ ሲያገላብጡ ማምሸት ትምህርትም ዕረፍትም አይሆንም። እስክትሠለጥኑ ድረስ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናውን ብርቱካናማ ገመድ አትንኩ፤ ውስጡ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይገድላል።

የትርፍ ጊዜ ነገር ላይ ደረስኩ። ቀኑን ሙሉ ያጎነበሰ ወገብ የሚያቃና ነገር ይፈልጋል፤ ሩጫ፣ ኳስ፣ ዋና። ቀን ይኑረው፣ የሚጠብቃችሁም ሰው ይኑር፤ «ሲመቸኝ» የተባለ ኳስ አይመቸውም። ግን መካኒክ እንደሆነ የሚወደው መኪና ነው፣ እሱንም አልከለክልም። ጓሮው ውስጥ አሮጌ ቮልስ ያለው ብዙ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቮልሱ ቀጠሮ የለውም፣ ሒሳብ የለውም፣ ልጅ ጎንበስ ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለው። የቮልስ ቫልቭ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣ በር) ማስተካከል ለአባትና ለልጅ ከሚመች ሥራ ሁሉ የተሻለ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት መለኪያና ሁለት የቡሽ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይበቃዋል። ሞተሩ አድሮ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሲሞቅ ክፍተቱ ስለሚለወጥ ልኩ ይሳሳታል። ከሥር ሳፋ አስቀምጡ፤ ክዳኑ ሲከፈት ዘይት ይንጠባጠባል። የዲስትሪቢዩተሩ ጣት ከንፈሩ ላይ ወዳለው ጭረት ሲዞር፣ የፑሌጃው (ቀበቶው የሚዞርበት ጎማ) ምልክትም ከሞተሩ መጋጠሚያ ጋር ሲገጥም 1ኛውን ሲሊንደር አገኛችሁ። ሁለቱ ቫልቮች ተስተካክለው ሲያልቁ ፑሌጃውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር መልሱና 2ኛውን፣ እንዲሁ 3ኛውን፣ 4ኛውን።

መለኪያውን ልጁ ይያዝ። ቅጠሉ ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት፤ ወረቀት ከመጽሐፍ መሃል ሲወጣ እንደሚይዘው ያህል። አባት ነቱን ሲያጠብቅ ካቻቢቴው ሸርተት ይልና ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ ከጠበቀ በኋላ ልጁ ደግሞ ይለካ። የላላ ቫልቭ ቢበዛ ይንጫጫል፤ የጠበበው ግን መቀመጫው ላይ ሳያርፍ ይቃጠላል። ልጅ ይህን ሲሰማ ለምን በጥንቃቄ እንደሚለካ ይገባዋል።

ዛሬ የመጣነው በበሩ ጎን ነበርና ጥላው ሥር የቆመውን ነጭ ቮልስ አይታችሁት ይሆናል። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልተነሳም፤ ሞተሩ ቀዝቅዟል። መለኪያው አራት አለ፣ ጓንት በልጆች ልክ ተዘጋጅቷል። ልጆች፣ ከሻይ በኋላ እዚያ እንጠብቃችኋለን፤ 1ኛው ሲሊንደር በቀኝ በኩል፣ የፊተኛው ነው።

አመሰግናለሁ።