«ክሊቭ» በአንድ መስመር አይጻፍም

የተከበራችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በቻይናዋ ውሃን ከተማ አብራችሁኝ የተማራችሁ፣ ከእኛ በኋላም ሄዳችሁ በሰላም የተመለሳችሁ ታናናሾቻችን፤

የዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን አዘጋጆች «ቋንቋ የሕዝቦች ድልድይ» በሚል ርእስ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ስለ ድልድይ መናገር የሚያምርባቸው ከፊት ወንበር የተቀመጡት መሐንዲሶቻችን ስለሆኑ ርእሱን ለእነርሱ ትቼ፣ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ በአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ለማዋል ወስኛለሁ። ግሱ «ክሊቭ» (cleave) ይባላል። ይህን ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ዛሬ በዱከምም ሆነ እዚሁ አዲስ አበባ ከቻይናውያን ጋር ትሠራላችሁ፤ ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ የምታስጠኗቸውም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማቀርበው አቤቱታ በመጀመሪያ ደረጃ እናንተን የሚመለከት ነው።

«ክሊቭ» በዕለት ንግግር ብዙ የማይሰማ፣ በመጻሕፍትና በሳይንስ ጽሑፍ ግን የሚያጋጥም ግስ ሲሆን፣ ሁለት ፍቺዎቹ ፊትና ጀርባ ናቸው፤ በአንድ በኩል መሰንጠቅ፣ በሌላ በኩል መጣበቅ ማለት ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም በአንዱ በኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ይዟቸዋል። የእኛው አማርኛ ምዕራፍ 2 ላይ «ሰው አባቱንና እናቱን ይተዋል፥ በሚስቱም ይጣበቃል» በሚለው ቦታ እንግሊዝኛው የተጠቀመው «ክሊቭ»ን ነው። ምዕራፍ 22 ላይ አብርሃም እንጨቱን ለመሥዋዕት ሰነጠቀ በሚለውም ቦታ የምናገኘው ይህንኑ ግስ በኃላፊ ጊዜ መልኩ ነው። በ1919 የወጣው የቻይንኛ ትርጉም ግን እንደ አማርኛው ለየብቻ ቃል ሰጥቷቸዋል፤ ለጋብቻው መቀላቀልን የሚገልጸውን «ሊየንኸ»ን፣ ለእንጨቱ ደግሞ «ፒ»ን። የ«ፒ»ን አጻጻፍ ካልረሳችሁት ከፊደሉ ግርጌ ቢላዋ ተቀምጧል። ቢላዋ የተሣለበትን ፊደል ባልና ሚስትን ለማጣመር የሚጠቀም ቻይናዊ ተርጓሚ እንደማይኖር የታወቀ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። በውሃን ስማር በምሠራበት ቤተ ሙከራ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የገባ አንድ ቻይናዊ ተማሪ ነበር። ዕድሜያችን እኩል ቢሆንም እንደ ቤተ ሙከራው ወግ እኔን «ሺሾንግ» (የትምህርት ታላቅ ወንድም) ይለኛል፤ እኔም «ሺዲ» (የትምህርት ታናሽ ወንድም) እለው ነበር። ሌሊት ሌሊት እየሠራ ጠዋት ጠዋት የእንግሊዝኛ ቃላት የሚያጠና፣ ትከሻው ላይ የሻይ ኮዳውንና በላብ የወዛ የቃላት መጽሐፉን የማይለይ ልጅ ነበር። ለምርምሩ የሚያጠናው የዘር መረጃ የሚይዘውን ዲ ኤን ኤን ስለሚቆርጠው፣ ኢኮ አር ዋን ስለተባለ ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ይህ ኢንዛይም ስድስት ፊደል ያለውን የራሱን ምልክት ፈልጎ መጀመሪያ ዲ ኤን ኤው ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም ይቆርጠዋል። ማግኒዥየም ከሌለ ግን መጣበቁን ይጣበቃል፣ መቁረጡን አይቆርጥም።

አንድ ቀን ማታ የመጀመሪያ ጽሑፉን እንዳርምለት አመጣልኝ። ማግኒዥየም በሌለበት ኢንዛይሙ ዲ ኤን ኤውን አይቆርጥም ሊል ፈልጎ «ዳዝ ኖት ክሊቭ ቱ ዲ ኤን ኤ» (does not cleave to DNA) ብሎ ጽፏል። በመካከል በገባችው በዚያች «ቱ» ምክንያት ዓረፍተ ነገሩ «ኢንዛይሙ አይጣበቅም» ሆኗል፤ ይህም የሙከራው ውጤት ካሳየው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። ሰዋስዉ አንድም እንከን ስለሌለበት የትኛውም የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ከሥሩ ቀይ መስመር አያሰምርበትም። የመስኩ ሰው ቢያነበው ደግሞ ስለ ቋንቋው ሳይሆን ስለ ሙከራው ትክክለኛነት ይጠራጠር ነበር።

«ይህችን ቱ ከየት አመጣሃት?» አልሁት። የቃላት መጽሐፉን ገልጦ አሳየኝ። በአንድ መስመር ላይ የእንግሊዝኛው ግስ ተጽፏል፣ አጠገቡ «ቱ» በቅንፍ ገብታለች፣ ቀጥሎ በቻይንኛ «መሰንጠቅ»፣ ነጠላ ሰረዝ፣ «መጣበቅ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። «ቱ» የየትኛው ፍቺ ጓደኛ እንደሆነች የሚያመለክት አንድ ነጥብ እንኳ አልተደረገም። ሺዲ መስመሩን ፊደል በፊደል ሸምድዶታል፤ በጥያቄ ብዛት ባዋክበው አንዲት ስሕተት አላገኝበትም ነበር። ጽሑፉን ያበላሸበት ስንፍናው ሳይሆን ትጋቱ ነው።

በማግሥቱ የማታ ትምህርት ወደሚከታተልበት ማሠልጠኛ አብረን ሄድንና ነገሩን ለመምህሩ በትሕትና አስረዳሁ። መምህሩ መጽሐፉን እንኳ ሳይገልጥ «ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ትርጉሙ ነው፤ ቱዋ አትጠየቅም» አለኝ። ወንድሞቼ፣ እስከ ዛሬ ያልበረደልኝ ይህ መልስ ነው! ከወር አበሉ ቆርጦ ለሚከፍል ተማሪ ግማሽ ቃል ሸጦ ሙሉ ቃል ተማርህ ማለት ማስተማር ሊባል አይችልም። ገበያ ላይ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት የሚሸጠውን ሰው የምንጠራበት ስም አለን፤ ነጠላ ሰረዝ የተቀላቀለበት ግስ የሚሸጠውን መምህር የምንጠራበት ስም አጥተን ዝም ማለታችን አግባብ አይደለም! ይህን ስል ቻይናውያንን ለይቼ መውቀሴ አይደለም፤ እኛም በየትምህርት ቤቱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር በእኩል ምልክት እያሰርን በደብተር ያስገለበጥን ሰዎች ነን።

የሚያስቆጨው ደግሞ ቻይናዊው ተማሪ የዚህ እንቆቅልሽ መፍቻ ከእናቱ ቋንቋ ተሰጥቶት ማደጉ ነው። «ጂዬ» የሚለውን ግስ ታስታውሱታላችሁ። መበደርም ነው፣ ማበደርም ነው። በመጀመሪያው ክረምት ከአበል በፊት ገንዘብ አልቆብኝ፣ ከማደሪያችን ፎቅ በታች ወደሚኖር ቻይናዊ ወዳጄ ዘንድ ወርጄ ሁለት መቶ ዩዋን እንዲያበድረኝ ለመለመን «ዎ ጂዬ ኒ ኧርባይ ኳይ» (ቃል በቃል፦ እኔ ጂዬ አንተ ሁለት መቶ ዩዋን) አልሁት። ፊቱ በራ፣ ደጋግሞ አመሰገነኝ፤ ለካስ እርሱም ተቸግሮ ኖሯል። እጁን ሲዘረጋ አፍሬ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ፣ ከሌላ ኢትዮጵያዊ ሁለት መቶ ለምኜ አመጣሁለት። ልበደር ወርጄ አበድሬ ተመለስሁ! ከሰውየው መጠሪያ ከ«ኒ» በፊት «ገን» ብል ኖሮ ተበዳሪ እሆን ነበር፤ ከግሱ በኋላ «ገይ» ባስገባ ደግሞ አበዳሪነቴ ያለ ጥርጥር ይታወቅ ነበር። አማርኛችን ተበደረና አበደረ ብሎ ጉዳዩን ግሱ ራሱ ላይ ስለጨረሰው ነው የእኛ ጆሮ እነዚህን ትንንሽ ቃላት የሚንቃቸው።

እንግዲህ ቻይናዊ ስታስጠኑ ከ«ጂዬ» ጀምሩ። «ገን» እና «ገይ» ለ«ጂዬ» የሚሠሩትን ሥራ «ቱ» ለ«ክሊቭ» እንደምትሠራ ንገሩት። ግሱ የሚቆረጠውን ነገር በቀጥታ ከተከተለው መሰንጠቅ ነው፤ «ቱ» ከመጣች መጣበቅ ወይም ለአንድ እምነት፣ ለአንድ ልማድ ታማኝ ሆኖ መጽናት ነው። በደብተሩም በሁለት መስመር፣ ከተቻለም በሁለት ገጽ ይጻፍ፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ለመሰንጠቅ «ክሌዮፋን»፣ ለመጣበቅ «ክሊፊያን» የተባሉ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩና፣ ድምፃቸው እየተቀራረበ ሄዶ ነው አንድ የመሰሉት።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። «ክሌፍት» እና «ክሎቨን» የሚሉት ቅርጾች የመሰንጠቅ ብቻ ናቸው፤ የላም ሰኮና «ክሎቨን» ነው ቢባል ማንም መጣበቅን አያስብም። ከዚሁ ግስ የወጣው «ክሊቨር» የሥጋ ቤት መጥረቢያ ቢላዋ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የቻይናውን የማድ ቤት ቢላዋ «ጻይዳው»ንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በማደሪያችን ማድ ቤት በ«ጻይዳው» የበግ አጥንት ለመስበር የሞከራችሁ ግን ስሙ እንዳታለላችሁ ታውቃላችሁ፤ ስለቱ ለጎመንና ለዝንጅብል የተሠራ ስስ ነው። በአነጋገር በኩል ማንዳሪን የ«ቭ» ድምፅ ስለሌለው ተማሪው «ክሊፍ» ሊላችሁ ይችላል፤ እርሱን ቀስ ብላችሁ ታርሙታላችሁ። በንግግሩ ውስጥ እንዲጠቀምበትም አታስገድዱት፤ ለአፍ «ስፕሊት» (መሰንጠቅ) እና «ስቲክ» (መጣበቅ) ይበቁታል፣ «ክሊቭ»ን ሲያነብ ካልሳተው ይበቃል።

የሺዲ ጽሑፍ የተስተካከለው ሁለት ፊደል በመሰረዝ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ከቃላት መጽሐፉ ላይ ያችን መስመር በእርሳስ ለሁለት ከፈላት፤ በኅዳጉ ላይም ለላይኛዋ ቢላዋ፣ ለታችኛዋ የሙጫ ጠርሙስ ሣለባት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።