ከመዋጮው በፊት ዐሥር ደቂቃ

እንደምን አደራችሁ፣ የእድራችን አባላት። ሰብሳቢያችን ከመዋጮው በፊት ዐሥር ደቂቃ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። የማወራው ስለ ፕሮስቴት ነው። እናንተ ወጣቶች፣ በሩን አትዩት፤ የአባቶቻችሁም ጉዳይ ነው።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከብቦ የተቀመጠ ትንሽ እጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እያደገ ሌሊት ሦስት አራቴ ያስነሣናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ካንሰሩ ሲጀምር ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጥም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ይሄኛው ራሱ ነው ባለቤቱን የሚደበቀው። «ሽንቴ ደህና ይወርዳል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ፒኤስኤ የሚባለው ምርመራ፣ ማለትም ፕሮስቴት የሚሠራውን ፕሮቲን በደም ውስጥ በቁጥር የሚለካው፣ ከክንድ ደም መስጠት ብቻ ነው። እኔ ዘንባባው ጥላ ሥር ብስክሌቴን እየነዳሁ ሄድኩላችሁ። ደም የምትቀዳዋ ልጅ ሱሪዬ ካልሲዬ ውስጥ መግባቱን አይታ «አባባ፣ በብስክሌት ነው የመጡት?» አለችኝ። ኮርቻው እጢውን ስለሚጫን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላልና ሁለት ቀን ሳልነዳ እንድመለስ ነገረችኝ። ከባለቤቴም ጋር ሁለት ቀን እንድታገሥ ጨመረችልኝ፤ ይህን ስትል ጣራውን ነበር የምታየው። በሦስተኛው ቀን በእግሬ ሄድኩ።

ቁጥሩ ከፍ ቢል ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ የእጢው ማደግና ኢንፌክሽንም ያስጨምሩታል። ደግሞም ዕድሜ ልክ ሳይጎዳ የሚኖር ዝግተኛ ካንሰር አለ፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ለማያስፈልግ ሕክምና ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ከመመርመር በፊት ከሐኪም ጋር ተመካከሩ፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ምክክሩ በ50 ዓመት ይጀመር ይላል። ለጥቁር ወንዶችና አባቱ ወይም ወንድሙ ከ65 ዓመቱ በፊት ለታመመበት ሰው ግን በ45። እኛ እንግዲህ የትኛው ውስጥ እንደምንገባ ግልጽ ነው።

«ምን እንብላ?» ትሉኛላችሁ። ይከላከላል ተብሎ የተረጋገጠ ምግብ የለም። በኪኒንም አትታለሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ ካንሰሩ 17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሲጋራና ውፍረት ግን የከፋውን ዓይነት ካንሰር ያበረታሉ። በዘይት የዋኘችውን የቆሮሶ ዓሣ ቀነስ፣ ብስክሌቱን ጠንከር እናድርግ፤ ከምርመራው በፊት ካሉት ሁለት ቀናት በስተቀር።

ለብቻው መጠየቅ የሚፈልግ ካለ፣ ከመዋጮው በኋላ ድንኳኑ ጀርባ እጠብቀዋለሁ።