ዓይን የሌለው እንጀራ፦ ጎንደር ክረምት እያላት ለምን ውሃ ይጠማታል?

እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ድምፄ ቢሻክር ይቅርታ፤ ሌሊቱን አልተኛሁም። ለምን አልተኛህም በሉኝ። ቧንቧ ስጠብቅ! የጎንደር ሰው ያውቃታል ይህቺን ዘዴ፤ ቧንቧውን ከፍተህ፣ ከሥሩ ባዶ የብረት ባልዲ ታስቀምጥና ትተኛለህ። ውሃው ሲመጣ ባልዲው ጓ! ይላል፣ አንተም ብድግ። እኛ ሰፈር ፈረቃው በሳምንት አንዴ ነው ተብሎ ነበር። እኔ የቆጠርኩት አሥራ ስድስት ቀን ነው። ባልዲው አሁንም እዚያው ነው ያለው። ቀረጻው መሃል ከጮኸ ካሜራውን ትቼ እሄዳለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሙኝ።

(ምስል፦ የቀሃ ወንዝ፣ ነሐሴ ላይ)

ይህን ውሃ እዩት። እዩት እስቲ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን የቆረቆሩት በሁለት ወንዞች መሃል ነው፤ ወዲህ አንገረብ፣ ወዲያ ቀሃ። ለጥምቀት የምንዘልበት የፋሲል መዋኛ እስከ ዛሬ የሚሞላው ከቀሃ በሚጠለፍ ውሃ ነው። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ለንደን፣ ያቺ "ዝናብ በዝናብ ናት" እየተባለች የምትታማው ለንደን፣ 600 ገደማ ነው የምታገኘው። 600! ለንደን ውስጥ ግን ባልዲ ሥር የሚተኛ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ የኛ ምን ሆነ? መልሱ እንጀራ ነው።

አዎ፣ እንጀራ። አትሳቁ። እናቴ ከጉልት እንጀራ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ነው። ዋጋ አትጠይቅም፣ ጤፉ የየት ነው አትልም፤ አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን ታደርገውና ትመለከተዋለች። ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ዝም ትላለች፣ ዝም ካለች ገዛች ማለት ነው። ልሙጥ ከሆነ ግን "ልጄ፣ ይኼ ምኑን ይጠጣዋል?" ትልና ትመልሰዋለች። ምኑን ይጠጣዋል! ልብ በሉ፣ ስለ ጣዕሙ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ዓይናማ እንጀራ ላይ ሽሮ አፍስሱበት። በየዓይኑ ይገባል፣ ይሰርጋል፣ ይቀመጣል። ልሙጡ ላይስ? ይንሸራተታል። ከእንጀራው ወደ ትሪው ጠርዝ፣ ከትሪው ወደ መሶቡ፣ ከመሶቡ... ያለፈው ፋሲካ እኛ ቤት የአክስቴ ነጠላ ላይ ነው የወረደው። ያውም አዲስ ነጠላ፣ ጥለቱ ገና ያልታጠበ። እስከ ዛሬ ይነሣል ነገሩ።

አፈርም እንደዚያው ነው። ዓይን አለው። ዓይኑን የሚያወጣለት የዛፍ ሥር ነው፣ ትል ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ሣሩ ተግጦ፣ በየዓመቱ ሲታረስና ከብት ሲረግጠው ዓይኑ ይደፈናል። ልሙጥ ይሆናል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው፣ ወጡ ያው ወጥ ነው፤ የሚጠጣው ጠፋ እንጂ።

ቆይ፣ አልጨረስኩም፣ ይህችን ምሳሌ እወዳታለሁ። አፈሳሱም አለ። ጠንቃቃ ሴት በጭልፋ ቀስ እያለች ነው የምታወጣው፤ ይህ ካፊያ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ የሚውለው የድሮው የሐምሌ ዝናብ። ድስቱን ገልብጠህ ብታፈስበትስ? ዓይናማውም እንጀራ አይችለውም። ይህ ዶፍ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይወርድና ከዚያ ብራ!

አንድ ሌላም ነገር። ማዕዱ ሲያልቅ፣ ወጡ ሁሉ ተበልቶ፣ ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ይቀራል፤ የራሰው። ልጅ ሆነን የምንጣላበት እሱ ነበር። ወጥ የለም፤ ግን ወጥ አለ፣ እንጀራው ውስጥ። ይኸው ምንጭ ማለት ይህ ነው! ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ጠብ ሳይል ወራት አልፎ ምንጩ የሚፈልቀው ክረምት የጠጣውን መሬቱ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ነው። ልሙጥ እንጀራ አንጥፈህ በመጨረሻ ምን ትበላለህ? ትሪ!

ያ የተንሸራተተው ወጥ ደግሞ ባዶውን አይሄድም፤ ፍርፋሪ ይዞ ነው የሚሄደው። ፍርፋሪው ደለል ነው። ለከተማችን ውሃ እንዲሰጥ የተሠራውን የአንገረብን ግድብ ሂዳችሁ እዩት። ከላይ ካለው ተዳፋት ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር እየወረደበት፣ ውሃ የሚይዝበትን ቦታ ደለል ይዞታል። ጋን ገዝተህ ግማሹን በጭቃ እንደ መሙላት ነው። በዚህ ላይ የሚጠጣው ሰው ብዛት፦ በ1987ቱ ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ 112,249 ነበር፣ በ1999ኙ 207,044። በ12 ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አዘዞን፣ ማራኪን ዞር ብላችሁ እያችሁ ራሳችሁ ገምቱ።

እሺ፣ አሁን ሳይንሱ። ፈጠን ፈጠን እንበል፣ ባለፈው ቪዲዮ መሠረቱን ጥለናል፤ ያላያችሁ ሂዳችሁ እዩና ተመለሱ፣ በዚያው ሰብስክራይብ አድርጉ። ክረምታችን ሞንሱን ነው፣ ማለት በየወቅቱ አቅጣጫውን በሚቀይር ነፋስ የሚመጣ ዝናብ፣ የህንዱ ዘመድ። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ የዝናቡ ቀበቶ ይከተላታል። እርጥበቱ ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩል በምዕራብ፣ ከህንድ ውቅያኖስ ደግሞ በደቡብ ይገባል፤ ደጋው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ይወርዳል። ከላይ ከህንድ ወደ አፍሪካ የሚነፍስ ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ አለ፣ እሱ ሲበረታ ዝናቡም ይበረታል። ኤልኒኖ ሲመጣ፣ ማለት የሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ሲሞቅ፣ ይህ ሁሉ ይላላል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲያ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። የ2015 ዓ.ም. ክረምትም ኤልኒኖ ነበረበት፤ ጃናሞራ፣ በየዳ፣ ጠለምት ምን እንደደረሰ...

ጓ!

ሰማችሁ? ሰማችሁ? መጣሁ!

(ባዶ ወንበር። ከውጭ የጀሪካን ድምፅ።)

ተመለስኩ። ሰባት ጀሪካንና ግማሽ በርሜል። ከዚያ ፊፊፊ አለና ሄደ። መጀመሪያ የወጣው እንደ ጠጅ ቀይ ነበር፣ የቧንቧው ዝገት ነው፤ እሱን ለሽንት ቤት። የት ነበርን? ኤልኒኖ። እሱ አልቋል፣ ተውት።

አንድ ነገር ልናገርና ስደቡኝ። ብዙ ሰው "ዝናቡ ቀረ" ይላል። በኛ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ የዓመቱ ድምር ሲለካ እንደዚያ በግልጽ እየወረደ የሄደ መስመር አይታይም። አንዱ ዓመት ይጠግባል፣ አንዱ ይራባል። አርሶ አደሩ ግን አልዋሸም፤ እሱ የሚኖረው በድምር አይደለም። የሚኖረው በገባበትና በወጣበት ቀን ነው። ሰኔ ላይ ይገባል የተባለው ሐምሌ ከገባ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥሎ ከወጣ፣ በመሃል ድምሩ ቢሞላ ምን ይፈይዳል? እህሉ ገና ሳያሽት! ደምቢያ ሂዱ፤ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲወጣ ነው፣ ዋልካው በያዘው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ለት፣ ልጅ ሆነን ራቁታችንን ዝናቡ ላይ እንወጣ ነበር፤ እናቶች ውሃውን በሳህን ተቀብለው ሊጥ ላይ ጠብ ያደርጉ ነበር። የምንጠራጠረው ነገር አልነበረም፣ ሩፋኤል ይዘንባል፣ አለቀ። አሁን ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ሰማይ ሰማይ የሚያዩበት ዓመት አለ።

ሙቀቱም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ትንሽ ትመስላለች። ከግድቡም፣ ከማሳውም፣ ከጓሮህም በየቀኑ የሚተነው ውሃ ግን በዚያው ልክ ይጨምራል።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ወንድማችን "ጣናን ታቅፈን በጥም ማለቅ ሞኝነት ነው፣ ቧንቧ ዘርግቶ መሳብ ነው" ብሎ ጻፈ። ላይኩ ከቪዲዮዬ ላይክ በለጠ! ስለዚህ ዛሬ ሳልመልስ አልለቃችሁም።

ጣና የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎንደር ከ2,100 በላይ ናት። ጣና ከኛ በታች ነው፣ ወንድሜ! የኛ ውሃ ነው ወደ እሱ የሚወርደው፣ በመገጭ ወንዝ በኩል። ልዩነቱ 350 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያለውን የንግድ ባንክን ሕንፃ አውቃችሁታል? 209 ሜትር ነው። አንዱን አቁሙ፣ ከላዩ ላይ ሌላ ከግማሽ በላይ ደርቡ። እዚያ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ውሃ ከመሬት ሳቡ አሉ። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለት ሃምሳ ጀሪካን፣ በ350 ሜትር ከፍ ለማድረግ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል፤ ያውም ፓምፑ ምንም ሳያባክን፣ ቧንቧው ምንም ሳያጋጭ። በዚህ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር አለ፣ ማጣራቱ አለ። በተለይ መብራት በሄደ ቁጥር... እሱን ተዉት፣ መብራት እንዳይሄድብኝ።

አይቻልም አላልኩም። ይቻላል። ግን "መሳብ ነው" ተብሎ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጣናም ራሱ ጤና የለውም። ጥልቀቱ የትም ቢሆን ከ15 ሜትር አይዘልም፣ ሰፊ ትሪ ነው። ደለሉና ማዳበሪያው ከኛ ማሳ ታጥቦ እዚያ ይገባል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጩ ተንሰራፍቶበታል፣ ያውም በኛ በሰሜኑ ዳር። የአክስቴ ነጠላ ጣና ነው፣ ገባችሁ?

ሌላው ደግሞ "ህዳሴ ግድብ ውሃችንን ወሰደው" ብሏል። የህዳሴው ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ነው። ጎንደር 2,100። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ያየ ሰው ቢኖር ቪዲዮ ይላክልኝ፣ አብረን ሀብታም እንሆናለን።

"ዝናብ ብቻ ይዝነብልን" ለምትሉት ደግሞ ቼራፑንጂን ላሳያችሁ። ህንድ ውስጥ ያለች ደጋ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1860 እስከ ሐምሌ 1861 ባለው አንድ ዓመት 26,461 ሚሊ ሜትር ዘንቦባታል፣ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። በአዘቦቱ ዓመት እንኳ የኛን አሥር እጥፍ ታገኛለች። በበጋ ግን ሴቶቹ ዕቃ ይዘው ምንጭ ፍለጋ ይሄዳሉ። ደኑ ተመንጥሮ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ የቀረው ድንጋይ ነው፤ ውሃው ወርዶ ባንግላዴሽ ይገባል። ልሙጥ እንጀራ ላይ አንድ በርሜል ሽሮ።

እርከኑ፣ ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለው ተራራ፣ ያ ሁሉ ጥር ላይ "ዘመቻ" እየተባለ የሚቆፈረው፣ ለእኔ አፈሩ መልሶ ዓይን እንዲያወጣ ማድረግ ነው። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ገብታችሁ አፈሩን በእጃችሁ ዝገኑት፣ ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ዝገኑ፤ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። የመገጭ ግድብ ደግሞ ግንባታው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከላዩ ያለው ተዳፋት ልሙጥ ሆኖ ከጠበቀው ሁለተኛ አንገረብ ነው የሚሆነው፣ ይህ የኔ አስተያየት ነው።

እኔ ተራራ የለኝም፣ ቆርቆሮ ነው ያለኝ፣ እሱም የኪራይ። ግን ሒሳቧን ሠርቻታለሁ። መቶ ካሬ ጣራ፣ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፦ መቶ ሺህ ሊትር። ሩቡ ባክኖ ቢቀር እንኳ 3,750 ጀሪካን ነው! ጎረቤታችን እትዬ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከጣራቸው ሥር ሳፋ፣ ድስት፣ የቡና ረከቦት ሳይቀር ደርድረው ነው ክረምቱን የሚያሳልፉት፤ ልብስ በፈረቃ ውሃ ሲያጥቡ አይቻቸው አላውቅም። አሸንዳ ግን የላቸውም።

እኔም የለኝም። አከራዬን ትናንት ጠየቅኳቸው። "አሸንዳውን አንተ ግዛ፣ ሮቶውንም አንተ ግዛ፣ ስትወጣ ግን እዚሁ ይቀራል" አሉኝ። ጋሼ፣ ቢያንስ ግማሽ ግማሽ እንሁን ብያቸዋለሁ፤ እስከ እሑድ አስብበታለሁ ብለዋል። አሸንዳ በሜትር ስንት እንደገባ የምታውቁ፣ በተለይ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ።