ስለ አንዲቱ ትርፍ ጄሪካን
(ኮምቦልቻ ላይ ለግንባታ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ግንበኞች፣ ፎርማኖች፣ ፌሮ ሠራተኞች፣ ኮንትራክተሮች፣ ከደሴ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ የመጣችሁም ሁሉ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የማወራው «ኮንክሪቱ ደረቀብን» ሲባል ሚክሰር ውስጥ ስለምትደፋው ጄሪካን ነው። የሚደፋው ልጅ አካፋው ከብዶት ነው፤ አልፈርድበትም። ሒሳቡ ግን አይምርም።

ስሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ እንዲጠነክር ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ውሃ ይበቃዋል። ለ50 ኪሎ ከረጢት 20 ሊትር፣ አንድ ጄሪካን ማለት ነው። ለሥራ እንዲመች እስከ 25 ሊትር ያስኬዳል፤ እርጥብ አሸዋ የያዘውም ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ያለው ይተንና ቦታው ባዶውን ይቀራል። ቫይብሬተር (አየሩን በንዝረት የሚያስወጣው መሣሪያ) በቅጡ ያልገባበት ኮንክሪት ደግሞ አየር ይይዛል፤ ከመቶ አምስቱ እንኳ ባዶ ከሆነ ጥንካሬው እስከ 30 በመቶ ሊወርድ ይችላል።

ይህ የባዶው ብዛት ነው። ዕድሜን በይበልጥ የሚወስነው ግን ባዶዎቹ እርስ በርስ መገናኘታቸው ነው። ክፍሉ የቱንም ያህል ቢበዛ በመካከል በር ከሌለ ሌባ አያልፍም፤ የኮንክሪት ሌባ ውሃና አየር ነው። ኮንክሪቱ እርጥበት ካላጣ ስሚንቶው እያደገ በሮቹን ይዘጋል፦ በከረጢት 20 ሊትር ከሆነ በ3 ቀን ያህል፣ በ25 ሊትር በ14 ቀን፣ በ30 ሊትር በ6 ወር። ከ35 ሊትር ካለፈ ፈጽሞ አይዘጋም። ስድስት ወር ውሃ የሚያጠጣ አሠሪ ካላችሁ እባካችሁ አስተዋውቁኝ!

በሩ ክፍት ሲቀር የሚሆነውን ለማየት ከክረምት በኋላ አንድ አሮጌ በረንዳ ሥር ቆማችሁ ቀና በሉ። ነጩ እድፍ ውሃ አጥቦ ያወጣው ኖራ ነው። ፌሮውን ተከትሎ የሚሄደው ቡናማ መስመር ዝገት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የኮንክሪቱ አልካሊነት ነበር፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአልካሊነቱ መለኪያ፣ ከ12 በላይ ነው። በቀዳዳዎቹ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 9 ሲያወርደው ጥበቃው ያበቃል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ሽፋኑን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በመዶሻ ጫፍ ብትነኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከፌሮው በላይ ባለችው ሁለት ሦስት ሳንቲም ሽፋን ነው። በኮምቦልቻ ፀሐይ ቀድማ የምትደርቀውም እሷ ናት። ገንዳ ውስጥ ተኝቶ የከረመው የ28 ቀን ኪዩብ፣ ጥንካሬ የሚፈተንበት ናሙና፣ ድብልቁን እንጂ የእሷን ነገር አይነግረንም። ስለዚህ «ኪዩቡ አልፏል» ሲሉኝ «ሶሌታውስ ጆንያ ለብሷል?» እላለሁ።

አብሽሩ፣ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ውሃውን በጄሪካን ቁጠሩ። ካስት ያደረጋችሁትን ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ፤ ድብልቁ ከከበደ ከውሃ ይልቅ ፕላስቲሳይዘር (ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያላላ ኬሚካል) ጠይቁ።

ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ሚክሰር የወጡ ሁለት ኪዩቦች አሉ። አንዱ ገንዳ ውስጥ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ኑ፣ በየላያቸው ውሃ ጠብ አድርጉና የቱ ቶሎ እንደሚመጥ እዩ።